ዩሱፍን ማን መረዘው?

ፈዲሉ አንድ ጠርሙስ የፖሊስ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ይኸውልዎት መርዙ!» አለ። «ከአልጋዋ ሥር ነው ያወጣሁት። ወንድሜን እየገደለችው ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ቀስ በቀስ፣ በማንኪያ።»

መቶ አለቃ ጉርሙ የጠርሙሱን ክዳን ከፍቶ አሸተተ። ውስጡ ያለው ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይሰረስራል። መልሶ ከደነና የወጣቱን ፊት አየ። ጉርሙ በአምቦ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ኃላፊ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ ሰውን የማያጣድፍ ሰው ነበር። ሌባው ሳይቀር አጠገቡ ሲቀመጥ የልቡን ማውራት ያምረው ነበር ይባላል።

«የምትላት ሚስቱን ነው? ናፊሳን?»

«ሌላ ማን አለው?»

ጊዜው 1979 ዓ.ም.፣ የካቲት ነው። የፈዲሉን ወንድም ዩሱፍን የማያውቅ አምቦ ውስጥ አልነበረም። የጨርቅ ሱቁ ገበያው ዳር ነው፤ የጉርሙ ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ ከዚያ ነው የተቆረጠው። ባለፈው ጥቅምት ዩሱፍ ከካቺሲ ወዲያ ወዳለው ቆላ ለንግድ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ሽንቱ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። አዲስ አበባ ወስደው ኩላሊቱ እስኪያገግም ድረስ ደሙን በማሽን ሲያጥቡለት ሰነበቱ። በኅዳር መጨረሻ በእግሩ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሴቶች እልል ብለው ተቀብለውታል፤ ጉርሙም እዚያው ቆሞ እንባውን ጠርጓል። አሁን ያ ሰው እንደገና ተኝቷል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ።

«እንሂድና እንየው» አለና ኮፍያውን አነሣ።

* * *

የዩሱፍ ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው። ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ናፊሳ ከባሏ ራስጌ ተቀምጣ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን ትጠርጋለች። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ሃያዎቹን ገና ያላጋመሰች ሴት ናት። ጉርሙን ስታይ ብድግ አለች፤ ከኋላው ጠርሙሱን የያዘውን ፈዲሉን ስታይ ደግሞ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንተ! ጠርሙሱን የት ወሰድከው? የጠዋቱን አልጠጣም እኮ!»

«ሰማችኋት?» አለ ፈዲሉ ወደ በሩ ዞሮ። «ራሷ ተናገረች!»

በሩ ላይ ያሉት ሴቶች ተንጫጩ። «መርዘኛ!» የሚል ድምፅ ከመሃላቸው ወጣ። ናፊሳ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ማንም ሳያስበው ጠርሙሱን ከፈዲሉ እጅ መንጭቃ አፏ ላይ ደፋችው። ጉርሙ ዘሎ እጇን ሲይዛት ሁለት ጉንጭ ያህል ውጣለች።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ጥቁር አዝሙድና ማር ነው፣ ጋሼ ጉርሙ» አለች ከንፈሯን እየጠረገች። «እናቴ ነች የላከችልኝ። መርዝ ከሆነ እንግዲህ አብረን እንሞታለን።»

ዩሱፍ ከትራሱ ቀና አለ። የዓይኑ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል፤ ድምፁ ግን አሁንም የዚያው ተጫዋቹ ዩሱፍ ነው። «ጉርሙ፣ ስማኝ። የምትገድለኝ እሷ ከሆነች ፈቅጃለሁ። ብቻ እንዳትወስዳት።»

ጉርሙ ግን ወሰዳት። በሩ ላይ ያለው ሕዝብ ድንጋይ ለማንሣት ጥቂት ነበር የቀረው። ጣቢያ ሲደርሱ ከእስረኞቹ ጋር አላስገባትም፤ ከቢሮው ጎን ባለችው ክፍል አስቀመጣትና ሚስቱን እታገኝን ምግብና ብርድ ልብስ ይዛ እንድትመጣ ላከባት። እታገኝ መጥታ ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ ባሏን አየችው።

«እቺን ነው ነፍሰ ገዳይ ያልካት?»

«እኔ ምንም አላልኩም» አለ ጉርሙ።

* * *

የከተማው ሐኪም ዶክተር ተሻለ ወጣት ነው፤ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር ግን አይናገርም። ዩሱፍን መርምሮ ሲጨርስ ጉርሙን ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ጉበቱ ተጎድቷል፣ መቶ አለቃ። ጉበትን መርዝም ይጎዳዋል፣ በሽታም ይጎዳዋል። ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ጠርሙሱን ለምርመራ እልከዋለሁ፤ ለእኔ ግን ከጥቁር አዝሙድ ሌላ አልሸተተኝም።»

«መቼ እንደጀመረው ማወቅ ይቻላል?»

«ዓይን ቢጫ የሚሆነው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፊት ምግብ ይዘጋል፣ ሽንት እንደ ሻይ ይቀላል። እሱን ይጠይቁት።»

ጉርሙ ተመልሶ ዩሱፍ አልጋ ላይ ተቀመጠ። «ምግብ ያስጠላህ መቼ ነው?»

ዩሱፍ አሰበ። «ናፊሳ ለአባቷ ለቅሶ ወደ ስልጤ ወርዳ ሳለች ነው። ፈዲሉ የሚሠራልኝ ምግብ መጥፎ ሆኖ ነው ብዬ ሳቅሁበት። ሽንቴም የዚያን ሰሞን ነው የቀላው። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ሐዘን ላይ ናት ብዬ።»

«እሷ ስትመጣስ?»

«ዓይኔን ያየችው እሷ ናት። አይታ ነው ያን ጥቁር ነገር ማጠጣት የጀመረችው።»

ጉርሙ ቀስ ብሎ ተነሣ። በሽታው ሲጀምር ናፊሳ አምቦ አልነበረችም። ወንድሙን ያበላ የነበረው ራሱ ከሳሹ ነው።

ናፊሳን በማግስቱ ለቀቃት። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን የገበያው ሴቶች መንገድ ለወጡባት። ሱቁን ስትከፍት የሚገባ ሰው ጠፋ። አንዷ ጎረቤት ልጇን እጁን ይዛ እየጎተተች «ከእሷ እጅ ከረሜላ እንዳትቀበል» ስትል ጉርሙ በጆሮው ሰማ። ፖሊስ መልቀቁን ያየ ሁሉ መረጃ አጥቶ ነው የለቀቃት እንጂ ንጹሕ ሆና አይደለም አለ።

* * *

ሐሙስ ዕለት ዶክተር ተሻለ በሽታው የሚተላለፍ እንደሆነ ለማወቅ የቤተሰቡን ሁሉ ደም ቀድቶ አዲስ አበባ ለማስመርመር ወሰነ። ናፊሳ እጅጌዋን ሰብስባ ሰጠች። ፈዲሉ ተከተለ። ዶክተሩ መርፌውን ከዕቃው ሲያወጣ የፈዲሉ ከንፈር አመድ መሰለ፤ ክንዱ ላይ ጎማው ሳይታሰር ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

ውሃ ረጭተው ሲያነሡት ናፊሳ ግራ ገብቷት ነበር። «አዲስ አበባ ለወንድሙ ደም የሰጠው እሱ አይደለም እንዴ? ዩሱፍ የወንድሜ ደም ነው ያዳነኝ እያለ ለሰው ሁሉ የሚያወራው?»

ቆሞ ያይ የነበረው ጉርሙ ይህን ሰማ። ፈዲሉን ክንዱን ደግፎ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ይዞት ወረደ፤ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፤ እሱም ጎኑ ተቀመጠ። ወጣቱ ሲያለቅስ ጠበቀው።

«አልሰጠሁም» አለ ፈዲሉ በመጨረሻ። «መርፌ ሳይ እወድቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ወደቅኩ። ሞቱማ ነው በእኔ ስም የሰጠው፣ ያ ልብስ ሰፊው።»

«ይሄ ምን ያስለቅሳል?»

«ባለፈው ሳምንት አንድ ነርስ ሲያወራ ሰማሁ። ቢጫ የሚያደርገው በሽታ በደም ይተላለፋል አለ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔ ብሰጠው ኖሮ ወንድሜ አይታመምም ነበር ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ጠርሙሱን አየሁ። መርዝ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ፣ ጋሼ ጉርሙ። እሷ ብትሆን፣ እኔ ሳልሆን።»

ጉርሙ መሐረቡን አውጥቶ ሰጠው። «ይህን አንድ ቀን ለናፊሳ ትነግራታለህ» አለው። «እኔ አልነግርልህም።»

* * *

ሞቱማ የልብስ ስፌት መኪናውን የዩሱፍ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ያን ሰሞን ግን የሚያሰፋ ሰው ስላልነበረ ፔዳሉን ባዶውን ይረግጣል።

«አካም ጅርታ፣ ሞቱማ?»

«ፋያ ነኝ፣ ጋሼ ጉርሙ። ደህና ከተባለ።»

ጉርሙ ስለ ደሙ ሲጠይቀው ሞቱማ እንደተያዘ ልጅ አፈረ። «ፈዲሉ ነገረህ? እኔ እኮ ክፋት አስቤ አይደለም። ልጁ ወድቋል፣ ዩሱፍ ደም ይፈልጋል፣ የእኔ ደግሞ ዓይነቱ ገጠመ። ስም ሲጠይቁኝ የፈዲሉን ነገርኳቸው። ዩሱፍ ሲነቃ ወንድሙ እንደሰጠው ቢያውቅ ደስ ይለዋል ብዬ ነው።»

ጉርሙ የዩሱፍ በሽታ በደም ሊተላለፍ እንደሚችል ነገረው። ሞቱማ ፔዳሉን መርገጥ አቆመ። ትልልቅ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አያቸው።

«እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አላውቅም። ታመህ ታውቃለህ?»

«ጉንፋን እንኳ አያውቀኝም። ግን በደሜ ውስጥ ያለውን እኔ በምን አውቃለሁ?» ተነሣና እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰበሰበ። «በል ወደ ዶክተሩ ውሰደኝ። እኔ ከሆንኩ ለዩሱፍ ራሴ እነግረዋለሁ። ከሌላ ሰው አይሰማም።»

* * *

ጉርሙ የተቀዳውን ደም ራሱ አዲስ አበባ ሊያደርስ ዓርብ ጠዋት በጣቢያው ላንድሮቨር ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ዩሱፍን አንድ ነገር ጠየቀው፦ ሆስፒታል አብረውት የነበሩት እነማን ናቸው?

«ኦቦ ጉግሳ ነበር፣ የአዲስ ዓለሙ» አለ ዩሱፍ። «በአንድ ማሽን እየተፈራረቅን ነበር የምንታጠበው። ሲያስቀኝ መርፌው ይነቀል ነበር። ሲሻለን እንጠያየቃለን ተባብለን ቀረ። ሽማግሌው ረሳኝ።»

ኦቦ ጉግሳ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አዲስ ዓለም ማርያም አጠገብ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቅ ጉርሙ ደረሰበት። ሽማግሌው የዩሱፍን ስም ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ወዲያውም ከሰመ።

«ተቀየመኝ አይደል? እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። ምን ይዤ ልሂድ፣ ልጄ? እስቲ ዓይኔን እየው።»

ጉርሙ ጎንበስ ብሎ አየ። ቢጫ ነው።

መርማሪው ከሽማግሌው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠ። ድምፁንም ይበልጥ ዝቅ አደረገ።

«ኦቦ ጉግሳ፣ ሆስፒታል ሳሉ የሰው ደም ተሰጥቶዎት ነበር?»

«ለእኔ? አልተሰጠኝም። ኩላሊቴ በጠጠር ተዘግቶ እንጂ ደሜስ ሙሉ ነበር። ማሽኑ የራሴን አጥቦ ለራሴ ይመልስልኛል።»

«የዩሱፍን ልብስ ሰፊ ያውቁታል? ሞቱማን?»

«በስምም አላውቀው።»

ጉርሙ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ሁለት ሰው በአንድ በሽታ ተይዟል፤ ሞቱማ ደሙን የሰጠው ለአንዱ ነው። «ማሽኑ አንድ ብቻ ነበር?»

«ሁለት ነበሩ። አንዱ የእኛ ነው። አንዱ የሆርዶፋ ነበር፤ ጎጆ ከምትባለው ከተማ የመጣ ገበሬ፣ ነፍሱን ይማረውና። የእሱ ማሽን ጥግ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ሲስተር ሮማነወርቅ ማንም እንዳይነካው ትቆጣ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችንም። ኋላ አንድ ጠዋት ስንገባ የእኛው ማሽን የለም፤ ተበላሽቶ ወስደውታል። ጥግ የነበረው ወደ መሃል መጥቷል። ጨርቁ አልነበረም።»

«ሆርዶፋ ዓይኑ እንዴት ነበር?»

«ቢጫ ነበር» አለ ኦቦ ጉግሳ። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ዓይን ሄደ።

«ይነሡ» አለ ጉርሙ። «አብረን ነው የምንሄደው።»

* * *

ላቦራቶሪው ቅዳሜ ጠዋት መልስ ሰጠ። በዩሱፍና በኦቦ ጉግሳ ደም ውስጥ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ተገኝቷል። ጠርሙሱ ውስጥ ከጥቁር አዝሙድና ከማር ሌላ ነገር የለም። ናፊሳ ከቫይረሱ ነፃ ናት። ሞቱማም ነፃ ነው። ጉርሙ ወደ አምቦ ጣቢያ ደወለና ስልኩን ያነሣውን ፖሊስ «ሮጠህ ለሞቱማ ንገረው፤ ሌላው ሥራ ይቆይ» አለው።

ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። ሲስተር ሮማነወርቅ ፀጉሯ ሽበት የጣለበት፣ ነጭ ልብሷ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሴት ናት። ኦቦ ጉግሳ ኮሪደሩ ላይ ሲያያት ሁሉን ረስቶ እጁን ዘረጋ።

«ሲስተሬ! እናቴ!»

እሷም ስቃ ልታቅፈው መጣች። ዓይኑን ስታይ ግን ካለችበት ቆመች። ሳቋ እንዳለ ደረቀ።

«ሲስተር» አለ ጉርሙ፣ «ፖሊስ ነኝ፤ ከአምቦ። ቀዩን ጨርቅ ማን እንደፈታው ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባቻቸውና በሩን ዘጋች። አልካደችም። የምትጠብቀው ሰው በመጨረሻ የመጣላት ትመስል ነበር።

«እኔ ነኝ። ሆርዶፋ ጉበቱ ታሞ ነበር። ያ በሽታ በደም ይተላለፋል፤ ዓይን የማያየው የደም ጠብታ ማሽኑ ላይ ከቀረ ይበቃል። ስለዚህ ለብቻው ለይተን ጨርቅ አሰርንበት። ኋላ የእናንተ ማሽን ተሰበረ። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው። ዶክተራችን ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። እናንተ ደግሞ» ወደ ኦቦ ጉግሳ ዞረች «ሁለታችሁም ትንፋሽ አጥሯችኋል፤ ሰውነታችሁ አብጧል። ሌላ ማሽን የት አለ?»

«እና ፈቱት» አለ ጉርሙ።

«በበረኪና ደጋግሜ አጠብኩት። ጨርቁን ፈታሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ዶክተሩ ሲመለስም አልነገርኩትም። ድነው ሲወጡ እግዚአብሔር ተመስገን አልኩ፤ አልተላለፈም አልኩ። ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።»

ኦቦ ጉግሳ ሲያዳምጥ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባትፈቺው ኖሮ የዚያን ዕለት እሞት ነበር?»

«አዎ፣ አባቴ። ዩሱፍም።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ።

«ሲስተር» አለ ጉርሙ። «ጨርቁን በመፍታትዎ ምን እንደሚወሰን የሚያውቁት አለቆችዎና ሕጉ ናቸው፤ ቃልዎን ጽፌ አስተላልፋለሁ። አንድ ነገር ግን ይወቁ። እርስዎ ዝም በማለትዎ አንዲት ሴት ባሏን መረዘች ተብላ እኔ ራሴ አስሬያታለሁ። ዛሬም ሰው እጇን አይነካም።»

ሲስተር ሮማነወርቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዞር ስትል «አምቦ ውሰዱኝ» አለች። «መጀመሪያ በዚያ ማሽን የታጠቡትን ሁሉ እንዲጠሩ ለዶክተሩ ልንገረው። ከዚያ ውሰዱኝ።»

* * *

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን ነው ሲስተር ሮማነወርቅ ከላንድሮቨሩ የወረደችው። ዩሱፍ ያን ጊዜ ተቀምጦ ሾርባ መጠጣት ጀምሯል፤ ዶክተር ተሻለም ጉበቱ በራሱ እያገገመ ነው ብሏል። ሞቱማና ፈዲሉ ጥግ ላይ ቆመዋል። ፈዲሉ ቀደም ብሎ ለናፊሳ ሁሉን ነግሯት ነበር፤ ሁለት ቀን አኩርፋ በሦስተኛው ምሳውን ሠርታለታለች።

ሲስተሯ ዩሱፍ አልጋ አጠገብ ቆማ ያደረገችውን አንድ በአንድ ተናገረች።

«እንደዚያ ያለ ቀን ቢመጣ እንደገና ትፈቺዋለሽ?» አለ ዩሱፍ።

«እፈታዋለሁ። ግን እነግርሃለሁ።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኔም ፍቺው እልሽ ነበር» አለ። ዓይኖቹ፣ ገና ያልጠሩት ዓይኖቹ፣ እንባ ሞሉ። «እኔ ይቅር ብዬሻለሁ።»

ሁሉም ወደ ናፊሳ ዞሩ። ናፊሳ ግን ሻርፗን ራሷ ላይ እያጠበቀች ተነሣች።

«ጉበቱ የእሱ ነው፤ እሱ ይቅር ማለት ይችላል» አለች። «ስሙ ግን የእኔ ነው። ነይ ውጪ።»

ሲስተሯን ክንዷን ይዛ ወደ ገበያው አወጣቻት። ጉርሙ ተከትሏቸው ወጣና በረንዳው ላይ ቆመ። ናፊሳ መጀመሪያ የቆመችው የበርበሬ ነጋዴዋ ዘንድ ነው፤ ያን ዕለት ናፊሳ በር ላይ «መርዘኛ» ብላ የጮኸችው።

«ንገሪያት» አለች ናፊሳ።

ሲስተር ሮማነወርቅ በተተኮሰው ነጭ ልብሷ ከበርበሬው ማዳበሪያ ፊት ቆማ «ባሏን ያሳመምኩት እኔ ነኝ» አለች። «በማሽን ነው፤ ሆስፒታል። እሷ ምንም አላደረገችም።» ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ናፊሳ አልቆየችም፤ ወደ ቅቤ ሻጯ ወሰደቻት። «ንገሪያት።» ከዚያ ወደ ድንች ነጋዴዎቹ፤ ከዚያ ልጇን ከከረሜላ ወደከለከለችው ጎረቤት። አማርኛ ለማይሰሙት ናፊሳ ራሷ በኦሮምኛ ታስረዳለች። ገበያው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ሰው ሚዛኑን እያስቀመጠ ያያቸው ጀመር።

ከተራው መጨረሻ ሲደርሱ የሲስተሯ ድምፅ ጠፋ። «ባሏን ያሳመምኩት» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት፤ ሕዝቡ መሃል ቆማ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ናፊሳ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ሻርፗን ከራሷ ላይ አውርዳ በእሱ የሴትዮዋን ፊት ጠረገችላት።

«በቃሽ» አለች። «በቃሽ እህቴ፣ ሰምተዋል። ነይ ምሳ እንብላ።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው በመጡበት ተራ ሲመለሱ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። የበርበሬ ነጋዴዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ የናፊሳን እጅ ያዘች፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቀችውም።